ስለ ከበደ ሚካኤል መጻሕፍትና ስለ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች





በዛሬው ጊዜ የከተማ ሰው፥ ይልቁንም እንደ እኔ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ፥ ስለ ኑሮ የሚመክሩ መጻሕፍትን አብዝቶ ማንበቡ የሚያስደስት ነገር ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ስለ ስኬት፥ ጭንቀትን ስለ ማሸነፍና ገንዘብ ስለ ማግኘት የተጻፈ ትርጉም መጽሐፍ የያዘ ወጣት አይታጣም። ማንበቡን አልነቅፍም። ነገር ግን ከእነዚህ መጻሕፍት የሚበዙት የሚመልሱት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም «እኔ እንዴት ይመቸኝ?» የሚለው ነው። «ከእኔስ ምን ይጠበቃል?» የሚለውን ሁለተኛውን ጥያቄ ከገጻቸው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ለማንኛውም አንባቢ በሚገባ አማርኛ ካቀረቡልን ሰዎች አንዱ በ1991 ዓ.ም. ያረፉት ደራሲ ከበደ ሚካኤል ናቸው። «ታሪክና ምሳሌ» በየትምህርት ቤቱ ሲነበብ የኖረ በመሆኑ ብዙዎቻችን የልጆች መጽሐፍ ነው ብለን ከመደርደሪያ አውርደነዋል። ደራሲው ግን በትምህርት ሚኒስቴርና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያገለገሉ የመሥሪያ ቤት ሰው ነበሩ። ስለ ስግብግብነትና ስለ ትዕቢት በምሳሌ ሲጽፉ የሹምንና የጸሐፊን ጠባይ ሳያውቁ አልጻፉም። በ1946 ዓ.ም. ባሳተሙት «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» በተባለው መጽሐፋቸውም፥ ከ1860 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ መንገድ የጀመረችውን አገር ለእኛ መስታወት አድርገው አቅርበውልናል። እኔ ከዚያ የተረዳሁት ሥልጣኔ በልብስና በዕቃ ሳይሆን በትጋትና በሥነ ሥርዓት የሚገኝ መሆኑን ነው።

እንዲህ ያለው ትምህርት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን» በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው የጠቢባን ምክር ለዕለት ኑሮ ይጠቅማል ተብሎ ነው። ከበደ ሚካኤል ይህንኑ የጥንት ልማድ በአማርኛና በማተሚያ ቤት ለዘመናዊው ሰው አደረሱት።

አንዳንድ ሰዎች «ምሳሌዎቻቸው ከአውሮፓና ከእስያ የበዙ ናቸው፤ የራሳችን ጠቢባን የት አሉ?» ይላሉ። ነቀፌታው ፈጽሞ ውሸት አይደለም። ይሁን እንጂ ጉድለቱን የሚሞላው መጽሐፉን መተው ሳይሆን እሳቸው ካቆሙበት መቀጠል ነው። በቦረና፥ በሳይንትና በለጋምቦ ደጋ፥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ሰፈር ሲኖሩ ጠብ የሚያበርዱት ሽማግሎች የሚናገሩት ቃል በብራና ከተጻፈው ምክር አያንስም። የጎደለው ጸሐፊ ነው።

ለዘመናችን ፍልስፍና የሚሆን ጉዳይስ በየቢሮአችን ሞልቶ የለምን? ለምሳሌ «ሲስተም የለም» የሚለውን አነጋገር እንመልከት። አንድ ገበሬ ከአባይ በረሃ አፋፍ ተነሥቶ ለመሬቱ ጉዳይ ወረዳ ከተማ ሲደርስ ይህችን ቃል ይሰማል። «ልጄ፥ ሲስተም የሚባለው ሹም መቼ ይገባል?» ብሎ ቢጠይቅ የሚስቅበት ሠራተኛ አይጠፋም። ነገር ግን ሽማግሌው የጠየቁት ትልቅ ጥያቄ ነው። ቀድሞ «ጌቶች የሉም» ተብሎ ደጅ ይጠና ነበር፤ ዛሬ ግን የቀረው ሰው ስም እንኳ የለውም። መሣሪያው በእርግጥ የተበላሸ ቀን ጥፋቱ የሠራተኛው አይደለም። ባልተበላሸ ቀን ግን ቃሉን ለስንፍና መሸፈኛ ያደረገ ሰው፥ የስኬት መጽሐፍ አሥር ጊዜ ቢያነብ ምን ይረባዋል? ከበደ ሚካኤል ቢኖሩ ኖሮ ይህች አንዲት ቃል አንድ ምሳሌ ታስጽፋቸው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንዲታሰብበት አሳስባለሁ። አንደኛ፥ በየወረዳው ከተማ ያሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የከበደ ሚካኤልን መጻሕፍት ለዐዋቂዎች በሚታይ ቦታ ቢያኖሩ፤ ሁለተኛ፥ መሥሪያ ቤቶች ከሚያደርጉት ስብሰባ ሩብ ሰዓት ቀንሰው አንድ ምሳሌ አንብበው ስለ ባለጉዳይ አያያዝ ቢወያዩበት፤ ሦስተኛ፥ በመካነ ሰላም ካምፓስ ያለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ሽማግሎች ልኮ የምክር ቃላቸውን በጽሑፍ ቢያስቀር መልካም ነው። ይህ ብዙ በጀት የሚጠይቅ አይደለም።

«ደመወዙ ለቤት ኪራይ በማይበቃበት ዘመን ምን ምሳሌ ያስፈልጋል?» የሚለኝ የሥራ ባልደረባ እንዳለ ዐውቃለሁ። የኑሮው ውድነት እውነት ነው፤ መጽሐፍም ሆድ አይሞላም። ነገር ግን በመስኮቱ ወዲያ ማዶ የቆመው ባለጉዳይ ከእኛ የባሰ ችግር ተሸክሞ፥ ከቀኑም አንዱን ለእኛ ሰጥቶ የመጣ ሰው ነው። ያችን ቀን በከንቱ አለማስቀረት ገንዘብ አያስወጣንም። የኑሮ ፍልስፍና የሚሉት ነገር ካለ፥ ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች የመጀመሪያው ምዕራፍ ይህ ይመስለኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከመካነ ሰላም