የዘንድሮን ጉንፋን እንቁጠረው

ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ መንደድ ከጀመረ መቶ ዓመት አልፎታል። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ቀባሪ አሳጥቶ በሺዎች የፈጀውን፣ አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን ሳይቀር የጣለውን የኅዳር በሽታ ዛሬም አልረሳነውም። ያ በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ወገኖቹ ዛሬም በየዓመቱ ብርዱን ተከትለው ቤታችን ይገባሉ። እኛ ጭሱን እናጨሳለን፤ በዚያው ሳምንት በወረዳችን ስንት ጨቅላ ትንፋሽ አጥሮት ጤና ጣቢያ እንደገባ፣ በየትኛው ቫይረስ እንደታመመ፣ ስንቱ እንዳልተመለሰ ብንጠየቅ ግን መልስ የለንም። ይህ ያሳፍራል። የመቶ ዓመቱን ሙታን እያሰብን የዘንድሮዎቹን ሳንቆጥር እንቀብራለን።

ባለፈው ጥቅምት በሰፈራችን የሆነውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የታመመው አንድ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። በክፍሉ የሚያስለው እሱ ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ሳምንት ብዙ ወንበር ባዶ እንደነበር እናቱ ነግራኛለች። የቀሩት ልጆች ስም ላይ የ«ቀሪ» ምልክት ተደረገ፣ በዚያው አለቀ። ልጁ በጥቂት ቀን ውስጥ ድኖ ኳሱን ይዞ ወጣ። የሦስት ወር እህቱ ግን ማሳል ጀመረች። አያቷ ዳማከሴ ጨምቀው ቀቧት። «ብርድ ነው፣ ያልፍላታል» ተባለ። አባቷ ከፋርማሲ ሽሮፕ ገዛ፤ ከታላቅ ወንድሟ የተረፈ አሞክሳሲሊን ተጨመረበት። አንቲባዮቲክ ቫይረስን እንደማይገድል የነገራቸው ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ማታ ጡት መያዝ አቃታት፤ ሁለት ሦስቴ ትስብና ትንፋሽ ሲያጥራት ትተወዋለች። ከጎድን አጥንቷ ሥር ያለው ደረቷ በተነፈሰች ቁጥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ሲነጋ ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ ከዚያ በሪፈር ሆስፒታል ገባች፤ ኦክስጅን ተደረገላት። በማግስቱ አረፈች።

ወረቀቷ ላይ «ከባድ የሳንባ ምች» ተብሎ ተጻፈ። ከአፍንጫዋ ናሙና አልተወሰደም። ልቅሶ ልንደርስ በተቀመጥንበት ነው ወሬው የተገጣጠመው፤ በዚያው ሳምንት ከእኛው መንደር ሌሎች ሁለት ጨቅላዎች ኦክስጅን ላይ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ የቀሪዎቹን ስም ያውቅ ነበር። ፋርማሲው ስንት የሳል ሽሮፕ እንደሸጠ ያውቅ ነበር። ሆስፒታሉ ስንት አልጋ እንደሞላ ያውቅ ነበር። ሁሉም የየራሱን ያውቃል፣ አንዱ ለሌላው አልተናገረም። የሦስት ወሯ ልጅ ምን እንደገደላት እናቷ ዛሬም አታውቅም።

አር.ኤስ.ቪ. የሚባለው ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ለአብዛኛው ጤነኛ አዋቂ ተራ ጉንፋን ነው፤ የጨቅላን ቀጫጭን የአየር ቧንቧዎች ግን ያሳብጣል፣ በአክታ ይደፍናል። በፈረንጆቹ 2019 በዓለም ዙሪያ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ከ100 ሺህ በላይ ሕፃናትን እንደገደለ ተገምቷል። ከእነዚህ ግማሽ የሚጠጉት ስድስት ወር እንኳ አልሞላቸውም። ከመቶው 97ቱ የሞቱት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ኢንፍሉዌንዛም ሊሆን ይችላል፤ እሱም በየዓመቱ ከ290 ሺህ እስከ 650 ሺህ ሰው ይገድላል ይላል የዓለም ጤና ድርጅት። ኮቪድም ከመካከላችን አልወጣም። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ከአፍንጫና ከጉሮሮ የሚወሰድ ናሙና ብቻ ነው። የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ልጁ ያስነጥሰዋል፣ ያለቅሳል፣ ያበቃል።

ልጅ ከሞተ በኋላ ቁጥር ምን ይሠራል የሚል ይኖራል። ለሚቀጥለው ልጅ ይሠራል! ሕፃናትን ከአር.ኤስ.ቪ. የሚከላከል፣ ለነፍሰ ጡር እናት የሚሰጥ ክትባት ተገኝቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በፈረንጆቹ 2025 አገሮች ሁሉ ለጨቅላዎቻቸው መከላከያ እንዲያዘጋጁ መክሯል። ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው መከላከያ የሚጠብቀው ግን የመጀመሪያዎቹን ወራት ነው። ታዲያ እኛ ዘንድ በሽታው የሚበረታው በየትኛው ወር ነው? በክረምቱ ዝናብ ነው ወይስ በጥቅምትና በኅዳር ብርድ? አውሮፓውያን ይህን ከየሳምንቱ ቆጠራቸው ያውቁታል። ለምድር ወገብ በቀረቡ አገሮች ደግሞ ኢንፍሉዌንዛ ዓመቱን ሙሉ ሊዘዋወር፣ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይም ሊያገረሽ ይችላል፤ የሌላ አገር የቀን መቁጠሪያ አያገለግለንም። የዓለም ጤና ድርጅት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ቀመር በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየካቲትና በመስከረም ግድም፣ ከየአገሩ በተላከ ናሙና ላይ ተመሥርቶ ይወስናል። ያልላክነው ናሙና እዚያ አይታይም። ያልቆጠርነው ሕፃን በበጀት ውስጥ አይገባም፣ ኦክስጅን አይገዛለትም፣ ክትባት አይጠየቅለትም።

ሥርዓቱ ደግሞ ከባዶ የሚጀመር አይደለም። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በተመረጡ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የኢንፍሉዌንዛ ቅኝት የጀመረው በፈረንጆቹ 2008 ነው። ናሙናው በማጓጓዣ ፈሳሽ ውስጥ ሆኖ፣ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ ፓስተር ወዳለው ላቦራቶሪ ይሄዳል። የበሽታ ሪፖርት ከሰኞ እስከ እሑድ ተደምሮ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳና ወደ ላይ በየሳምንቱ ይተላለፋል። መንገዱ ተጠርጓል። ነገር ግን እናት ልጇን ካላመጣች፣ ነርሷ ናሙና ካልወሰደች፣ መምህሩ ካልተናገረ በዚያ መንገድ ላይ የሚሄድ ነገር የለም።

ስለዚህ ዘንድሮ እንቁጠረው!

እናቶች፣ አባቶች፣ «ያልፍለታል» እያላችሁ ሌሊት አታሳልፉ። ልጁን ውሰዱት። ባለሙያው ናሙና ልውሰድ ሲል እሺ በሉ፤ ሳይጠይቃችሁ ከቀረ እናንተ ጠይቁ። «ልጄን የያዘው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ መብት ነው።

መምህራን፣ የቀሪውን ምልክት ከስም መጥሪያው አውጡት! በአንድ ሳምንት ከአንድ ክፍል ብዙ ልጅ በሳልና በትኩሳት ሲቀር በዚያው ቀን ለአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ደውሉ። እናንተ ከሐኪሙ በፊት ታያላችሁ። ስልካችሁ በዚያ ሳምንት ቤቷ ያለችውን የሦስት ወር ልጅ እናት ሊያስጠነቅቅ ይችላል።

የጤና ባለሙያዎች፣ እናንተን ነው አጥብቄ የምለምነው። ድካማችሁን አውቃለሁ፤ ተራው ከበር ውጪ ተሰልፎ ቅጽ መሙላት ምን ያህል እንደሚከብድ አይቻለሁ። ቢሆንም እባካችሁ «የሳንባ ምች» ብላችሁ ብቻ አትዝጉት። ጣቢያችሁ ናሙና የሚወስድ ከሆነ ለናሙና ከተመረጠው በሽተኛ ሁሉ ውሰዱ፤ የማይወስድ ከሆነም ቁጥሩን በየሳምንቱ ሳታቋርጡ ላኩ፣ ዜሮም ቢሆን ላኩ። ሞትን ደግሞ አንድም አታስቀሩ። አንድም!

የወረዳና የክፍለ ከተማ ኃላፊዎች፣ የሚመጣውን ቁጥር ለሕዝብ መልሱ። በጤና ጣቢያው በር ላይ፣ በየትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በየሳምንቱ ይለጠፍ። ቆጥሮ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ካለመቁጠር አይሻልም። ለናሙና ማጓጓዣ የሚሆን ነዳጅና የበረዶ ሳጥን ዛሬ መድቡ፤ ብርዱ በጀት አይጠብቅም። እድሮችም ልቅሶ ስትደርሱ ጠይቁ፤ ትኩሳትና ሳል ነበረበት ወይ? በአንድ ሰፈር ተከታትሎ ከተሰማ በቀጥታ ለጤና ጣቢያው ንገሩ።

አሁን ይህን ያዙ፦ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ከሳል ጋር፣ ከጀመረው አሥር ቀን ያልሞላው ማንኛውም ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመዝገብ። የልጅ ትንፋሽ በሰዓት ተይዞ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠር፤ ከሁለት ወር በታች 60፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 ወይም በላይ ከሆነ፣ ደረቱ ከተሰረጎደ፣ ጡት ካልያዘ ቀጠሮ የለም፣ ወዲያው ሆስፒታል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ አይሰጠው። የሚያስል ታላቅ ልጅ ጨቅላውን አይሳመው፤ እጁን ይታጠብ፤ መስኮት ይከፈት። በሰፈራችሁ፣ በክፍላችሁ፣ በመሥሪያ ቤታችሁ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ከታመመ ቀኑን፣ ቦታውንና የታመሙትን ብዛት ይዛችሁ ወደ ነፃ የስልክ መስመር 8335 ደውሉ።