ስለ አንድ የኤኮኖሚክስ አስተማሪና ስለ እኛ ስለ ተማሪዎቹ

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎች ድክመት በየጊዜው ብዙ ሲነገር እሰማለሁ። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ ተማሪዎች ድክመት፣ ይልቁንም ስለ ራሴ ጥፋት ነውና ይህችን አስተያየት በአንባብያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት በሂርና ነው። አሁን የምሠራው በጭሮ፣ ማለት በቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ዛሬ ጭሮ ራሷ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ሆናለች። በእኔ ጊዜ ግን ይህ ዩኒቨርሲቲ ገና አልተቋቋመም ነበርና ኤኮኖሚክስ የተማርሁት ከአገሬ ርቄ ነው። የተማርሁበትንም ሆነ ያስተማሩኝን ስም መጥቀስ አላስፈለገኝም።

በሁለተኛው ዓመት ሁለት አስተማሪዎች ነበሩን። አንደኛው ገብተው የተዘጋጀ ጽሑፍ ያነባሉ፤ እኛም እንጽፋለን። በመጨረሻም ያንኑ ጽሑፍ አባዝተው ሃንዳውት ይሰጡናል፤ ፈተናውም ከዚያው ይወጣል። ምሳሌዎቹ ሁሉ ስለ አይስክሬም ዋጋ ነበሩ። ከመካከላችን አይስክሬም ቀምሶ የማያውቅ ብዙ ሰው ነበር። ቢሆንም ማንም አላጉረመረመም፤ የሚፈለገው ማርክ ነበርና።

ሁለተኛው አስተማሪ ግን ሃንዳውት የሚባል ነገር አያውቁም። ክፍል እንደ ገቡ አንዱን ተማሪ አስነሥተው፣ «አገርህ ወዴት ነው? ምን ይሸጣል? ዋጋውንስ ማን ይወስናል?» ብለው ይጠይቃሉ። አንድ ቀንም ስለ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አወሱልን። እኒህ ሰው በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም የነበሩ ናቸው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ጥሬ ዕቃ ሸጦ በዕውቀት የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ብዙ ድካሙን በጥቂት ድካም እንደሚለውጥ በአማርኛ አስረድተዋል። አስተማሪያችን ይህን በደስታ ሲተነትኑ ከኋላ አንድ ተማሪ እጁን አነሣና፣ «ይህ በፈተና ይመጣል ወይ?» ሲል ጠየቀ። ሁላችንም ሳቅን። ዛሬ ግን በዚያ ሳቅ አፍራለሁ።

የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ሲደርስ አስተማሪው፣ «ወደየአገራችሁ ስትሄዱ የአንድ ዕቃ ዋጋ እየመዘገባችሁ አምጡ፤ ለምን እንደ ተለወጠም ሻጩን ጠይቁ» አሉን። እኔም ሂርና ገብቼ ጫት ከምትሸጠው አክስቴ አጠገብ ተቀመጥሁ። ጠዋት የተጻፈው የአንድ ዙርባ ዋጋ ማታ ከተጻፈው ጋር የማይገናኝ ሆነብኝ። ምክንያቱን ብጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ መኪናው እስኪሄድ ሻጩ ይኮራል፤ መኪናው ከሄደ በኋላ ገዢው ይኮራል። ቡና ቢሆን ያድራል። ጫት አያድርም።»

ይህንኑ ጽፌ ወሰድሁ። አስተማሪው ካነበቡት በኋላ በሰሌዳው ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፉ፦ «ዋጋ የሚያየው ወደ ነገ ነው።» ነገ የሚጠወልግ ዕቃ ዛሬ ይረክሳል፤ ነገ የሚወደድ ዕቃ ዛሬውኑ ይደበቃል። የአቅርቦትን መሥመር የሳሉልን ከዚያ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ የዓመቱ መጨረሻ ሲቃረብ ጭንቀት ያዘን። ከኮርሱ ገና ያልተነካ ምዕራፍ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ማመልከቻ አረቀቀ፤ «ኮርሱን አይሸፍኑም፤ ሃንዳውት አይሰጡም፤ ከትምህርቱ ውጪ ወሬ ያበዛሉ» የሚል ነው። እኔም ፈረምሁ። የአስተማሪ መመዘኛ ቅጽ ሲታደለን ደግሞ ለአንደኛው ከፍተኛውን ነጥብ፣ ለእሳቸው ዝቅተኛውን ሰጠን። በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ክፍል አላየናቸውም። በእኛ ፊርማ ምክንያት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም፤ ለመጠየቅም ድፍረት አላገኘሁም።

እነሆ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አለፈ። የአይስክሬሙ ሃንዳውት ወዴት እንደ ገባ አላውቅም። የአክስቴ ጫት ግን በየቀኑ በጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ በከተማችን ሱቆች ቀደም ብሎ የገባ ዕቃ ሳይቀር ወዲያው ተወደደ። ባልደረቦቼ፣ «በድሮው ዋጋ የገዛውን እንዴት በአዲስ ዋጋ ይሸጣል?» እያሉ ተቈጡ። እኔም፣ ነጋዴው የሚያስበው ዕቃውን የገዛበትን ሳይሆን መደርደሪያውን መልሶ የሚሞላበትን ዋጋ መሆኑን አስረዳኋቸው። ይህን ስል ነጋዴውን ከወቀሳ ነጻ ማውጣቴ አይደለም። መንግሥት ሠራተኛው ግን የሚቈጣጠረውን ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። እንዲሁም የገበያ ዋጋ እንዲመዘግብ የተላከ ሠራተኛ ጫትን በስንት ሰዓት እንደ ጠየቀ ካልጻፈ፣ የጠዋቱም የማታውም ቍጥር እውነት ሆኖ ሳለ መዝገቡ ያሳስታል።

በእርግጥ የእኛም አቤቱታ ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም። ኮርሱ አልተፈጸመም ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ስለሚቀመጥ፣ ያልተማረው ምዕራፍ የሚጐዳው ተማሪውን ነው። ጥሩ አስተማሪም ቢሆን ጊዜውን መመጠን አለበት። ነገር ግን ይህን በአክብሮት ቀርበን መናገር ስንችል በስተ ኋላቸው ፈረምን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል የሚባለው በእኛ ደረሰ።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኤኮኖሚክስ ያስተምሩ የነበሩትን እሸቱ ጮሌን የተማሩባቸው ሰዎች፣ እሳቸው ካረፉ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ እንኳ በምስጋና ያነሧቸዋል። እንዲህ ያለው ምስክርነት ግን በመንፈቀ ዓመት መጨረሻ በሚሞላ ቅጽ ላይ አይገኝም።

ስለዚህ የሚመለከታቸው ክፍሎች ሁለት ነገር ቢያስቡበት መልካም ይመስለኛል። አንደኛ፣ ተማሪው በትምህርት ላይ ሳለ ብቻ ሳይሆን ሥራ ይዞ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ከቈየ በኋላም ስለ አስተማሪዎቹ ይጠየቅ፤ የዚያን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ ከማርክ ፍርሃት የጸዳ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የኤኮኖሚክስ ተማሪ በአጠገቡ ያለውን ገበያ መዝግቦ ሳያቀርብ ኮርሱን አይለፍ። በእኛ በምዕራብ ሐረርጌ የሚኤሶ የከብት ገበያ፣ የገለምሶ ጫት፣ የበዴሳ ቡና አለ። የባቡሩ ሐዲድ በደጋው በጨርጨር ሳያልፍ በቈላው በሚኤሶ ለምን እንዳለፈ መመርመር ራሱ አንድ ሙሉ ትምህርት ነው።

በዛሬው ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ያላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ሌሊት አስቡበት። ምናልባት እኚያ አስተማሪዬ ይህን ጋዜጣ ያነቡ ይሆናል። ቢያነቡት፣ የሂርናው ልጅ ፊርማውን ማንሣቱን ይወቁልኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከጭሮ (ምዕራብ ሐረርጌ)