የንባብ ዕቅድና የዕለት ድርሻ

የዓመት የንባብ ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በቁጥር ነው። ጳጉሜን ገብቶ ዘመን ሊለወጥ ሲል «ዘንድሮ 24 መጽሐፍ»፣ «ዘንድሮ 50 መጽሐፍ» ይባላል። ጉድሪድስ የተባለው የአንባብያን ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓመታዊ የንባብ ፉክክሩን ከጀመረ ወዲህ ያነበቡትን እየቆጠሩ ለሰው ማሳየት ይበልጥ ተለምዷል። ቁጥር ለመናገርም ለማስታወስም ይቀላል። ለማንበብ ግን ደካማ መለኪያ ነው።

የመጀመሪያው ችግር መጻሕፍት እኩል አለመሆናቸው ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመውና የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው፣ በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ቀጭን መጽሐፍ ነው። ቆጠራው ሁለቱንም «አንድ» ብሎ ይመዘግባቸዋል። ስለዚህ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከቁጥሩ ወደ ኋላ የቀረ አንባቢ ወፍራሙን መደርደሪያ ላይ ትቶ ስሱን ያነሣል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ድጋሚ ንባብን ኪሳራ ማድረጉ ነው። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ባንድ ንባብ ልቡን የሚሰጥ መጽሐፍ አይደለም፤ ብዙ አንባቢ የሚገባበት ሁለተኛው ላይ ነው። 50 መጽሐፍ ለመሙላት የሚሮጥ ሰው ግን ለሁለተኛው ጊዜ የለውም። ከእንዲህ ያለ ዓመት የሚተርፈው የርዕስ ዝርዝር ብቻ ይሆናል፤ ይህም ለመጽሐፉም ለአንባቢውም የሚያሳዝን ነው።

በኢትዮጵያ ከዚህ የተሻለ አሠራር ከጥንት ጀምሮ አለ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልማድ መዝሙረ ዳዊት የሚደገመው ለየዕለቱ ተከፍሎ ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል፤ እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይነበባል። በየዐሥሩ መዝሙር የሚቆጠረው ክፍል «ንጉሥ» ይባላል፤ የዕለቱን ለማድረስ ጊዜ ያጠረው አንድ ንጉሥ ደግሞ ወደ ሥራው ይሄዳል። ክፍፍሉ እኩል አለመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ 30፣ ሌሎቹ 20 ይደርሳቸዋል፤ ከሁሉ የሚረዝመው 118ኛው መዝሙር የሚውለውም 20 ብቻ በደረሰው ዓርብ ነው። ሙስሊሞች ዘንድም ቁርኣን በ30 ጁዝ የተከፈለ በመሆኑ በረመዳን በየቀኑ አንድ ጁዝ የሚቀራ ሰው ወሩ ሲያልቅ ያኸትማል። በሁለቱም ዘንድ ድርሻው ከቀኑ ጋር የተቆራኘ ነው፤ አንባቢው ዛሬ ምን ላንብብ፣ ስንት ላንብብ እያለ አይጨነቅም። ሲጨርስም እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

እርግጥ ዳዊትና ቁርኣን ጸሎትና አምልኮ ናቸው፤ ልብ ወለድና የታሪክ መጽሐፍ ከእነርሱ ተርታ አይገቡም። አከፋፈሉን መዋስ ግን ይቻላል። በቀን 10 ገጽ በዓመት 3,650 ገጽ ነው፤ መጽሐፉ በአማካይ 300 ገጽ ቢሆን 12 መጽሐፍ ይወጣዋል። ዐሥር ገጽ ለብዙ አንባቢ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። መስከረም 1 የተጀመረ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዚህ አካሄድ ጥቅምት ሳይወጣ ያልቃል።

ድርሻው እንዲጸና ሰዓት ያስፈልገዋል፤ የጠዋት ቡና ከመፈላቱ በፊት ወይም ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ስልክ ከእጅ በራቀበት። ሥራ የሚበዛበት ቀን ታውቆ 5 ገጽ ቢመደብለት፣ ቅዳሜ 20 ቢሆን፣ ነውር የለውም። ያመለጠ ቀን ግን ወደ ነገ መዞር የለበትም። ዛሬ የቀረ 10 ነገ 20፣ ከነገ ወዲያ 30 እየሆነ ሲከመር ብዙ ዕቅድ በዚሁ ፈርሷል። የተዘለለው ተዘሎ ይቀራል።

ወራቱም እኩል አይደሉም። መስከረም የደብተር፣ የዩኒፎርምና የትምህርት ቤት ክፍያ ወር ስለሆነ ለመጽሐፍ የሚተርፍ ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ቤት ውስጥ ያለውን፣ ከወዳጅ የተዋሱትን ወይም ወመዘክርና አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው የሚነበበውን ለዚህ ጊዜ ማድረግ ይበጃል። በቴሌግራም የሚዘዋወረው ያለ ፈቃድ የተቀዳ መጽሐፍ ግን ከዕቅዱ ውጭ መሆን አለበት። ደራሲው ከድካሙ ምንም ካላገኘ ለሚቀጥለው ዓመት የሚነበብ አዲስ የአማርኛ መጽሐፍ ከየትም አይመጣም። ወፍራሙና አስቸጋሪው መጽሐፍ ዝናቡ ሰው ቤት ለሚያስቀምጥበት ክረምት ቢቆይ ጥሩ ነው።

መስማትም ከንባብ ይቆጠራል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያዳመጠ ሰው መጽሐፉን አላነበበም ለማለት ይከብዳል፤ እንዲያውም ብዙዎች ወደ መጽሐፉ የደረሱት በዚያ ድምፅ ነው። ለአድማጭ ድርሻው በገጽ ፋንታ በደቂቃ ይለካል።

ምዝገባው ከሦስት ነገር ባይበልጥ ይመረጣል፦ ቀኑ፣ የተደረሰበት ገጽ፣ ከዕለቱ ንባብ የቀረ አንድ ዐረፍተ ነገር። ጥር ላይ ማስታወሻው ሲገለበጥ የተዘለሉት ቀናት ማታ ማታ በዝተው ከተገኙ የንባቡ ሰዓት ወደ ጠዋት ይዛወራል፤ የገጹ ድርሻ ግን ባለበት ይቀጥላል።