መርፌውን ጨርቁ ይምረጠው



«ጠለፈ» የሚለው ቃል በአማርኛ ብዙ ሥራ አለበት። እግሩን ዘርግቶ ሰው የሚጥል «ጠለፈው» ይባላል። ያለ ፈቃድ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባም «ጠላፊ» ነው። በቀሚስ ላይ በመርፌና በክር አበባ የሚያወጣም እንዲሁ ጠላፊ ይባላል። እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ስለሆንኩ «ቅዳሜ ቅዳሜ እጠልፋለሁ» ስል ጓደኞቼ ይስቃሉ። የምጠልፈው ግን ልብስ ነው።

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ጥልፍ ማሽን መርፌ ነው። የጥልፍ ማሽን በኮምፒውተር የሚመራ ነው። ንድፉ በፋይል ይገባል፤ ጨርቁን የወጠረው ፍሬም ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፤ መርፌውም ይወጋል። ክር ሲበጠስ ብዙ ሰው ፋይሉን ወይም ማሽኑን ይጠረጥራል። ነገር ግን ፋይሉ የሚያውቀው መርፌው የት እንደሚወጋ ብቻ ነው። ምን ዓይነት መርፌ እንደገባ አያውቅም። እሱን መምረጥ የሰው ሥራ ነው።

የፋብሪካ ጨርቅ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። ሸማ ግን እንደዚያ አይደለም። ሸማ በእጅ የተሸመነ የጥጥ ጨርቅ ነው። በቁመት የሚዘረጋው ክር «ድር» ይባላል፤ በአግድም የሚገባው ደግሞ «ማግ» ነው። ማጉ ብዙውን ጊዜ በእንዝርት የተፈተለ፣ ለስላሳና ውፍረቱ ወጣ ገባ የሆነ ክር ነው። ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነ መርፌ በቀላሉ ይጎዳዋል።

ባለፈው ክረምት አክስቴ ለእህቴ የመልስ ቀሚስ የሚሆን ሸማ ከአዲስ አበባ ላኩልን። መልስ ከሠርግ ቀጥሎ የሚደረግ ግብዣ ነው። ማጉን የፈተሉት ራሳቸው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ስለደከመ እንዝርት ካስቀመጡ ቆይተዋል። ስለዚህ ያ ጨርቅ ቢበላሽ ሁለተኛ አይገኝም። በስልክ ሳነጋግራቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ መኪናህ ጎበዝ ይሆናል፤ ብቻ ክሩን እንዳይቆርጥብኝ።» እነ አክስቴ የስፌት ማሽንን «መኪና» ነው የሚሉት። ነገሩ ገብቷቸዋል። መርፌ የጨርቁን ክር ሲቆርጥ በዚያው ቀን ላይታይ ይችላል። ቀሚሱ ሲታጠብ ግን የተቆረጠው ክር ይላቀቅና በጥልፉ ዙሪያ ቀዳዳ ይከፈታል።

ታዲያ መርፌ እንዴት ይመረጣል? እኔ ሦስት ጥያቄዎች እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ጨርቁ ምንድን ነው? ጥቅጥቅ ብሎ ለተሸመነ ጨርቅ፣ ለምሳሌ ለሸራ፣ ሹል ጫፍ ያለው መርፌ ይሻላል፤ ወግቶ ያልፋል። እንደ ቲሸርትና ሹራብ ለመሰለ የሚለጠጥ ጨርቅ ክብ ጫፍ ያለው ይመረጣል፤ ክሩን ሳይቆርጥ ገፋ አድርጎ በመሃል ይገባል። «የጥልፍ መርፌ» ተብሎ የሚሸጠው ጫፉ በጥቂቱ ክብ ያለ፣ በሁለቱ መካከል የሚገኝ ነው። ለሸማም የሚስማማው ይኸው ነው። ሽሜትዝ የተባለው የመርፌ አምራች የጥልፍ መርፌውን አናት በቀይ ቀለም ምልክት ያደርግበታል።

ሁለተኛ፣ ክሩ ምንድን ነው? የመርፌ ፓኬት ላይ 75/11 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። 75 ማለት የመርፌው ውፍረት 0.75 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። 11 ደግሞ በአሜሪካ የሚሠራበት ቁጥር ነው። ሁለቱም ያንኑ መርፌ ይገልጻሉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ የመርፌ ቁጥር ሲጨምር መርፌው ይወፍራል፤ የጥልፍ ክር ቁጥር ሲጨምር ግን ክሩ ይቀጥናል። ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት ክር ቁጥር 40 ነው፤ ለእሱ 75/11 ይበቃል። ቁጥር 60 ቀጭን ስለሆነ 65/9 ይስማማዋል።

የሚያብረቀርቅ የወርቅማ ክር ግን ሌላ ጠባይ አለው። ላዩ በስስ ብረት መሰል ነገር ስለተሸፈነ ቶሎ ይላጣል። አንድ ክር ስፌት ሆኖ ከመቀመጡ በፊት በመርፌው ቀዳዳ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ ይፋቅና ይበጠሳል። ስለዚህ ለወርቅማ ክር ተብሎ የተሠራ፣ ሰፊ ቀዳዳ ያለው መርፌ አለ። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በ80/12 እና በ90/14 ነው።

የእህቴ ቀሚስ ያስቸገረው እዚህ ላይ ነበር። ወርቅማው ክር ወፈር ያለ መርፌ ይፈልጋል፤ ሸማው ደግሞ ቀጠን ያለ። አክስቴ ከጨርቁ ጫፍ ተርፎ የተቆረጠ ቁራጭ አብረው ልከው ስለነበር ሁለቱንም መርፌዎች በእሱ ላይ ሞከርኩ። ከሥር በውሃ የሚሟሟ ደጋፊ አደረግሁ። ከዚያም ቁራጩን በእጅ አጥቤ፣ ሲደርቅ ወደ መስኮት ብርሃን ያዝኩት። 90 የወጋበት ቦታ ብርሃን በነጥብ በነጥብ ያሳልፍ ነበር። በ80 የተሠራው ደህና ነበር፤ የማሽኑን ፍጥነት ስቀንስ ክሩም አልተበጠሰም። ስለዚህ ቀሚሱን በ80 ጠለፍኩ። አክስቴ በቪዲዮ ሲያዩት ፊቱን አላደነቁም፤ «ጀርባውን አሳየኝ» አሉ። አገላብጬ ሳሳያቸው «ይሁን» አሉ። እሳቸው «ይሁን» ካሉ ትልቅ ምስጋና ነው።

ሦስተኛ፣ መርፌው ማሽኑ ውስጥ ይገባል? የቤት ማሽን መርፌ አብዛኛውን ጊዜ አናቱ በአንድ ጎን ጠፍጣፋ ነው። ብዙ መርፌ ያላቸው የሱቅ ማሽኖች ብዙዎቹ ክብ አናት ያለው ይጠቀማሉ። አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም፤ ከመግዛታችሁ በፊት የማሽኑን መመሪያ እዩ።

መርፌው ትክክለኛ ቢሆንም ያረጃል። በተለምዶ ከ8 ሰዓት ጥልፍ በኋላ ቀይሩት ይባላል። ማሽኑ በደቂቃ 600 ጊዜ ቢወጋ በሰዓት 36,000፣ በ8 ሰዓት ደግሞ 288,000 ጊዜ ወጋ ማለት ነው። ማሽኑ ጨርቁን ሲወጋ «ጧ ጧ» የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ክሩ ከቦጨቀ ወይም ስፌት ከዘለለ ሰዓቱን አትጠብቁ። የመርፌውን ጫፍ በጥፍራችሁ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ጎትቱት፤ ከቧጠጠ ጫፉ ተበላሽቷል።

ቀዳዳው ለክሩ መብቃቱን ለማወቅም ቀላል ዘዴ አለ። መርፌውን ከማሽኑ አውጡና ክር አስገቡበት። ክሩን በሁለት እጃችሁ ወጥራችሁ አንዱን ጫፍ ከፍ አድርጉ። መርፌው በራሱ ተንሸራቶ ከወረደ ይሆናል። ከቆመ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለው ፈልጉ።

በመጨረሻ አንድ ምክር። ከአገር ቤት ሸማ የሚልክላችሁ ሰው ካለ፣ ስንዝር የምታህል ቁራጭ አብሮ እንዲልክ ለምኑት። ስንዝር ማለት ጣቶች ሲዘረጉ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት ነው። ያችን ቁራጭ ውጉ፣ እጠቡ፣ ወደ ብርሃን ያዙ። ቀሚሱን ከዚያ በኋላ ጀምሩ።