ማንም ያልረገጠው ጫፍ

በምዕራብ ቲቤት ካይላሽ የሚባል ተራራ አለ። ከፍታው 6,638 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከኤቨረስት ከ2,200 ሜትር በላይ ያንሳል። ሆኖም ኤቨረስት እ.ኤ.አ. በ1953 ከተወጣ ወዲህ ሺዎች ጫፉ ላይ ሲቆሙ፣ ካይላሽ ጫፍ ላይ የቆመ ተራራ ወጪ እስካሁን አይታወቅም። እንግሊዛዊው ሂዩ ሩትሌጅ እ.ኤ.አ. በ1926 ሰሜናዊ ገጹን አይቶ አይወጣም ብሎ ነበር፤ ዛሬ ግን የተራራ መውጣት ጥበብ ከሩትሌጅ ዘመን እጅግ ርቋል። ተራራው ያልተወጣው ሰዎች እንዳይወጣ ስለፈለጉ ነው። ይህን ፈቃድ የጥንት ፍርሃት ትራፊ አድርገው የሚቆጥሩ አሉ። እኔ ግን በተቃራኒው አስባለሁ፤ አራት ሃይማኖቶች አንድን ተራራ ሊካፈሉ የቻሉት ጫፉን ማንም ስላልያዘው ነው።

ሂንዱዎች ሺቫ ከፓርቫቲ ጋር የሚኖረው እዚያ ነው ይላሉ። የቲቤት ቡድሂስቶች ተራራውን ካንግ ሪንፖቼ ብለው ይጠሩታል፤ ለእነሱ ደምቾክ የሚሉት መለኮት ማደሪያ ነው። ጄይኖች የመጀመሪያው መምህራቸው ሪሻባ ከሥጋ እስራት ነፃ የወጣው በዚሁ ስፍራ እንደሆነ ያምናሉ። የቦን እምነት ተከታዮች ደግሞ መሥራቻቸው ከሰማይ የወረደበት ነው ይላሉ። እነዚህ አራት ትረካዎች አይታረቁም፤ አማኞቹም ሊያስታርቋቸው አይደክሙም። በሥራ ግን ይገናኛሉ፤ ሁሉም ተራራውን ይዞራሉ። በአማርኛ ታቦት ሲዞር ዑደት፣ ከሩቅ አገር ደጅ ሊስም የመጣውን ደግሞ ተሳላሚ እንላለን፤ የካይላሽን መንገደኛ ከእነዚህ ሁለት ቃላት የተሻለ የሚገልጸው የለም። ዙሩ 52 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዶልማ ላ የተባለው መተላለፊያ ከ5,600 ሜትር በላይ ስለሆነ ትንፋሽ ያሳጥራል። ብርቱ ቲቤታዊ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፤ በግንባሩ እየተደፋ፣ በቁመቱ መሬቱን እየለካ የሚዞረው ግን ሳምንታት ይፈጅበታል። ሂንዱውና ቡድሂስቱ ተራራውን በቀኛቸው አድርገው ሲዞሩ፣ የቦኑ ሰው በግራው አድርጎ ይመጣል። ስለዚህ በዚያች ጠባብ መንገድ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ተላልፈውም ይሄዳሉ።

ይህን ሰላም አጋንነኸዋል የሚለኝ ሰው የሚላሬፓን ታሪክ ሊያነሳብኝ ይችላል። በቡድሂስቶቹ ትረካ መሠረት ባሕታዊው ሚላሬፓና የቦኑ ናሮ ቦንቹንግ ተራራው የማን ይሁን ብለው ተወዳድረዋል፤ ሚላሬፓም በፀሐይ ጨረር ተሳፍሮ ጫፉ ላይ ቀድሞ በመድረስ አሸንፏል። ፉክክር እንደነበረ ታሪኩ ራሱ አይደብቅም። የሚገርመኝ ግን ከድሉ በኋላ የሆነው ነው፤ አሸናፊው ከጫፉ አንድ እፍኝ በረዶ ዘግኖ ወደ ጎረቤት ተራራ ወረወረና ያንን ለቦኖች ሰጠ፤ ዙሩንም በራሳቸው አቅጣጫ እንዲዞሩ ፈቀደላቸው። ድሉን የሚተርከው ወገን እንኳ ተሸናፊው ከስፍራው ሲባረር አላሳየም።

ከዚህ የሚከብደው የነፃነት ጥያቄ ነው፤ እምነቱን የማይጋራ ሰው በሌላው እምነት ለምን ይታገዳል? ተራራ የግል ይዞታ አይደለምና ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከተራራ ወጪዎቹ መካከል አገኘዋለሁ። በዘመኑ ከሁሉ የላቀው ራይንሆልድ ሜስነር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የቻይና ባለሥልጣናት ካይላሽን እንዲወጣ ዕድል ሲሰጡት አልፈልግም አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ የስፔን ቡድን ሊወጣው አስቧል ሲባልም በይፋ ተቃወመ፤ ቻይናም ፈቃድ አልሰጠሁም አለች። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ1955 ካንቼንጁንጋ የተባለውን ተራራ መጀመሪያ የወጡት እንግሊዛውያን ለሲኪም ንጉሥ በገቡት ቃል መሠረት ከጫፉ ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው ቆመዋል። አውስትራሊያ ውስጥም የኡሉሩ አለት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ለወጪዎች ተዘግቷል፤ ጎብኚ ግን ዛሬም ዙሪያውን ይሄዳል። እነዚህ ሰዎች ያጡት ነገር አለ፤ አልክድም። ግን ያጡት ጥቂት ካሬ ሜትር በረዶ ወይም ድንጋይ ነው። ካይላሽ ቢወጣ ግን ሚሊዮኖች በምንም የማይተኩት ነገር ይነካል፤ አንድ ጊዜ የተረገጠ ጫፍ ደግሞ ዳግመኛ ያልተረገጠ አይሆንም።

እኔን በእርግጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጫፉን የሚጠብቀው የቻይና መንግሥት የእግር መንገዱንም ይዘጋል። በባህል አብዮት ዘመን ዙሪያውን የነበሩት ገዳማት ፈርሰዋል። ከህንድ የሚመጡ ተሳላሚዎች እ.ኤ.አ. ከ1962ቱ የህንድና የቻይና ጦርነት እስከ 1981 ድረስ መንገዱ ተዘግቶባቸው ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝና በድንበር ግጭት የተነሳ ዳግም ተዘጋ፤ የተከፈተውም በ2025 ነው። ተራራ ወጪውን ማገድ ትክክል የሚሆነው ተሳላሚው እስከተፈቀደለት ድረስ ነው፤ ካልሆነ ክልከላው ለአማኙ የቆመ ሳይሆን ለድንበር ጠባቂው የተመቸ ይሆናል። ጫፉን መዝጋት እና ዙሩን መክፈት አንድ ውሳኔ ሆነው ሊታዩ ይገባል፤ ቤጂንግና ዴልሂም የድንበር ጠባቸውን ከዚህ መንገድ ሊያወጡት ይገባል። በቲቤት አቆጣጠር እ.ኤ.አ. 2026 የፈረስ ዓመት ነው፤ በፈረስ ዓመት አንድ ጊዜ መዞር የብዙ ዙር ያህል እንደሚቆጠር ይታመናል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2025 ከ1.4 ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ካላት ህንድ በመንግሥቷ በኩል እንዲሄዱ ቦታ የተመደበላቸው 750 ሰዎች ብቻ ነበሩ።