«አለ» እና «አለ»

ባለፈው ወር ለተማሪዎቼ አንዲት አጭር ታሪክ ሰጥቼ፣ «አለ» የሚለውን ቃል ሁሉ በ«ተናገረ» እንዲተኩ አዘዝኋቸው። አንዱ ችኩል፣ «በሞሰቡ ውስጥ እንጀራ ተናገረ» ብሎ ጽፎ አመጣልኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገር ግን ዐምና እኔው ራሴ ከእርሱ የባሰ ሠርቼ ነበር።

ፓይተን በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ የተማሪዎችን ማርክ የሚይዝ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። በውስጡም «አድ»፣ ማለት «ጨምር» የሚል ትእዛዝ በሁለት ስፍራ ነበረ፤ አንዱ ማርክ የሚጨምር፣ እኔ ያወጣሁት፤ ሁለተኛው አዲስ ተማሪ በስም ዝርዝር የሚጨምር፣ ከቋንቋው ጋር የመጣ። የራሴን ስም ላሻሽል ብዬ ኮምፒዩተሩን ባዘዝሁት ጊዜ ሁለቱንም ባንድነት ለወጣቸው። ፓይተን እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚያየው መስመሩ ላይ ሲደርስ ነውና ፕሮግራሙ ለሦስት ወር በሰላም ሠራ። በዓመቱ አጋማሽ ግን አንዲት ልጅ ተዛውራ መጣችና ስሟን ልመዘግብ ስል ቀጥ አለ። ልጅቱ ሦስት ቀን በስም ጥሪ ሳትጠራ ቆየች። አባቷ መጥተው «ልጄ የናንተ ተማሪ ናት ወይስ አይደለችም?» ቢሉኝ መልስ አጣሁ።

የፕሮግራምን ሥራ ሳይለውጡ አጻጻፉን የሚያድሱ መሣሪያዎች አሉ። እንደ ጃቫ ባሉት ቋንቋዎች የእያንዳንዱ ነገር ዐይነት አስቀድሞ ስለሚጻፍ፣ መሣሪያው የትኛው «ጨምር» የማን እንደ ሆነ ከጽሑፉ ይለያል። ፓይተንና ስሞልቶክ ግን እንደኛ ፊደል ናቸው፤ ይጥበቅ ወይም ይላላ አይጻፍም፤ የሚታወቀው ሲነገር ነው።

ለዚህ ብልሃት ያገኙለት በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ዶን ሮበርትስ፣ ጆን ብራንትና ራልፍ ጆንሰን ናቸው። በ1997 (እ.ኤ.አ.) እንደ ገለጹት፣ ለስሞልቶክ የሠሩት መሣሪያ ስም ሲለውጥ በግምት አይሄድም፤ በአሮጌው ትእዛዝ ደጃፍ ላይ እንደ ዘበኛ ያለ ነገር ያቆማል። ፕሮግራሙ ሲሠራ ጠሪ በመጣ ቍጥር ዘበኛው ሥራውን ለጊዜው ይገታል፤ ጠሪው ከየትኛው መስመር እንደ መጣ ወደ ኋላ ተመልክቶ እዚያው ስሙን ያርማል። ከዚያም ሥራው ይቀጥላል። እንዴት ያለ ዘዴ ነው! ሌላው «ጨምር» በዚያ ደጃፍ አያልፍምና አይነካም።

ሆኖም ዘበኛው የሚያርመው ያየውን ብቻ ነው፤ በሙከራው ጊዜ ያልተጠራ መስመር አሮጌውን ስም እንደ ያዘ ይቀራል። ሠሪዎቹም ይህን አልደበቁም።

እኔም ፕሮግራሙን ሳድስ መጀመሪያ የጻፍሁለት ሙከራ በዓመት አጋማሽ የመጣች ተማሪ መመዝገብ ነው። ለዚያ ለችኩሉ ልጅ ደግሞ ግማሽ ማርክ ሰጠሁት።