ሦስተኛው ሰው

አሜሪካኖች «ካትስሮት» ይሉታል፤ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ጉሮሮ ቆራጭ» እንደ ማለት ነው። ሦስት ሰው በፑል ጠረጴዛ ዙሪያ ሲገናኝ የሚጫወተው ጨዋታ ስም ነው። ስሙ ያስደነግጣል። እኔ ግን ስሙ ከግብሩ ይከፋል ባይ ነኝ።

ሕጉ አጭር ነው። 15ቱ ኳሶች ለሦስት ይከፈላሉ፤ ከ1 እስከ 5 ለአንዱ፣ ከ6 እስከ 10 ለሌላው፣ ከ11 እስከ 15 ለሦስተኛው። እያንዳንዱ የራሱን ኳሶች እየጠበቀ የባላንጣዎቹን ወደ ጉድጓድ ይሰዳል። አምስቱም የገቡበት ይወጣል፤ በመጨረሻ አንድ ኳስ እንኳ የቀረለት ያሸንፋል። ልብ በሉ፤ አክሊሉ ብዙ ለጣለ ሳይሆን ለተረፈ ነው።

እንግዲህ ማሸነፍ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ከጭብጨባ ይሽሽ። ገና በመጀመሪያው ተራ ሦስት ኳስ አከታትሎ የከተተ ሰው አድናቆት ያተርፋል፤ ሁለት ጠላትም ያተርፋል። ማርቲን ሹቢክ የተባሉት የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1954 ብርቱው የግድ ይተርፍ እንደሆነ ጠይቀው ነበር። ሦስት ተኳሾች ፊት ለፊት ቢቆሙ፣ ሁለቱ አስቀድመው የሚያነጣጥሩት በሚፈሩት አልሞ ተኳሽ ላይ ነውና፣ ደካማው ከሁሉ የተሻለ ዕድል የሚያገኝበት ጊዜ አለ።

ቀጥሎም ደካማውን ለማስወጣት አይቸኩል። ጉድጓድ አፍ ላይ የቆመች ኳስ ፈታኝ ናት። ነገር ግን ጨዋታው እንደ ሦስት ጉልቻ ነው፤ አንዱ ሲነሣ ድስቱ ይዘምማል። ደካማውን ያስወጣ ሰው በዚያችው ቅጽበት ከብርቱው ጋር ብቻውን ይቀራል።

ከእርሱ በኋላ የሚመታው ማን እንደሆነም አይርሳ። ነጯ ኳስ የቆመችበት ሥፍራ ለተከታዩ የሚተላለፍ ውርስ ነውና፣ የሚከት ምት ባጣ ጊዜ ክፉ ውርስ ትቶ ማለፍ ጥበብ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ነጯን ኳስ ከጉድጓድ ይጠብቅ። እርሷ ከገባች፣ በተለመደው ሕግ መሠረት፣ ከሁለቱ ባላንጣዎቹ የገቡ ኳሶች አንድ አንድ ወጥተው ወደ ጠረጴዛው ይመለሳሉ። ተሸንፎ ጥግ ይዞ የቆመው ሰው ሳይቀር ዱላውን አንሥቶ ይመጣል።

ይህን ጨዋታ ክህደት ያስተምራል ብለው የሚነቅፉ አሉ። ሁለቱ በዝምታ ተስማምተው አንዱን ያጠቃሉና ነቀፋው መሠረት የለውም አልልም። ሆኖም ያ ስምምነት ዕድሜው አጭር ነው፤ ሦስተኛው እንደወጣ ሁለቱ ወዳጆች ይፋጠጣሉ። ደግሞስ የወደቀው በሌላው ስሕተት የሚነሣበት ስንት ጨዋታ አለ? በቼዝ ማት የሆነ ንጉሥ አይመለስም። ጉሮሮ ቆራጭ የተባለው ይህ ጨዋታ ግን ለተሸነፈ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ይተውለታል።

የእኔ ሥጋት ሌላ ነው። ሁለት ብርቱዎች ሲደባደቡ ዝም ብሎ ተራ መጠበቅን ብልሃት አድርገን ከጠረጴዛው ወደ ኑሯችን የወሰድን እንደሆነ እፈራለሁ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይላል ያገሬ ሰው። በፑል ጠረጴዛ ላይ ተረቱ ይገለበጣል፤ ዝሆኖቹ ተጋጭተው ሣሩ ያሸንፋል። ከጠረጴዛው ውጪ ግን ሣር ሣር ነው፤ ዝሆኑ ቢሳሳትም የተረገጠው አይነሣም። ስለዚህ የሦስተኛውን ሰው ዝምታ በጨዋታ ቤት አደንቃለሁ፤ በመንደር፣ በጉባኤና በብዕር ሰው ዘንድ ሳየው ግን ፍርሃት እለዋለሁ።